ሁለት ሌሊት በስፔርሎንጋ፦ እንዴት ተሂዶ እንዴት እንደሚታረፍ

ጣሊያን ለእረፍት የሚሄድ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ ደክሞት ነው የሚመለሰው። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት። ሻንጣ መጎተት፣ ወረፋ መቆም፣ ፎቶ መነሳት፣ እንደገና ሻንጣ መጎተት። ይህን የሚወድ ሰው ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ግን እሱ ጉብኝት እንጂ እረፍት አይባልም። የዛሬው ጽሑፍ ሁለት ሌሊት ብቻ ላለው፣ ስልኩን ወዲያ ብሎ ባሕር እያየ ቁጭ ማለት ለፈለገ ሰው ነው።

ቦታዋ ስፔርሎንጋ ትባላለች። ከሮም ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሮምና ናፖሊ መሃል ላይ ናት ማለት ይቻላል። ባሕሩ ውስጥ ገባ ያለ አለታማ ጉብታ አለ፤ መንደሯ እሱ ላይ ተቀምጣለች። ቤቶቿ ኖራ የተቀቡ ነጭ ናቸው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከግርጌዋ በግራም በቀኝም አሸዋ ነው። ዝነኞቹን የባሕር ዳር ከተሞች ፖዚታኖንና አማልፊን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ዋጋቸውንም ያውቃል። ስፔርሎንጋን ግን በዋናነት የሚያውቋት የሮምና የናፖሊ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ የሚሸሹባት መንደር ናት።

መቼ ይኬዳል?

በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ ወይም መስከረም። አለቀ።

ነሐሴን እርሱት። በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል አለ፤ ካቶሊኮቹ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን ነው፣ እኛ ገና ፍልሰታን እየጾምን ሳለ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ ቢሮውንና ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ መኪና ማቆሚያ የለም፣ አሸዋው ላይ ፎጣ ማንጠፊያ የለም፣ የአልጋ ዋጋም ሰማይ ይነካል። በብርዱ ወራት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ብዙው ምግብ ቤትና ማረፊያ ይዘጋል፣ ድመትና ሽማግሌ ብቻ ይቀራል። ያ የሚመቸው ሰው አለ፤ እኔ አይመቸኝም።

መስከረምን አስቡበት። ባሕሩ ሞቃቱን ወራት ሁሉ ሲሞቅ ስለሚከርም ከሰኔ ይልቅ መስከረም ላይ ለብ ያለ ነው። የጣሊያን ልጆችም ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ መንደሯ ትተነፍሳለች። እንቁጣጣሽን ሮም ዘመድ ቤት አክብሮ በማግስቱ ባቡር መያዝ ጥሩ ሐሳብ ነው። ደግሞ ከቻላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ሂዱ፤ አርብ ማታ የሚመጣውን የሮም ሕዝብ ትገላገላላችሁ።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሮም፣ ፊውሚቺኖ ይወርዳል። ከዚያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ የሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ቴርሚኒ ያደርሰዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ እሱ ራሱን የቻለ መከራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። አውሮፓ ኖራችሁ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ ደግሞ ፎቶኮፒ ሳይሆን ዋናውን ያዙ። ማረፊያ ስትገቡ መታወቂያ ይጠይቋችኋል፤ የእንግዳን ስም ለፖሊስ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ ስላለባቸው ነው። ጣሊያኑንም ይጠይቁታል፣ አትቀየሙ።

ከቴርሚኒ በፎርሚያ በኩል ወደ ናፖሊ የሚሄደውን ሬጆናሌ የሚባለውን የአካባቢ ባቡር ትይዛላችሁ። ፈጣኖቹ ባቡሮች እናንተ የምትወርዱበት ጣቢያ አይቆሙም። የምትወርዱበት ጣቢያ ፎንዲ-ስፔርሎንጋ ይባላል፤ ከሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የሬጆናሌ ቲኬት ቀድማችሁ ገዛችሁ በዕለቱ ገዛችሁ ዋጋው አንድ ነው፣ ስለዚህ መቸኮል የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የወረቀት ቲኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ፕላትፎርሙ ላይ ካለችው ትንሽ ማሽን አስገብታችሁ ማስመታት አለባችሁ። ገንዘብ ከፍሎ ሳያስመታ የተሳፈረ ሰው ቲኬት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፤ ቅጣቱም ከቲኬቱ ዋጋ እጥፍ ድርብ ነው። «አላወቅኩም» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

በመንገድ ላይ ሜዳ በሜዳ የሆነ አገር ታያላችሁ። ድሮ ወባ የሚፈላበት ረግረግ ነበር። ሙሶሊኒ አድርቆ አዳዲስ ከተሞች የቆረቆረበት ነው፤ ባቡሩ የሚቆምባት ላቲናም በ1932 እ.ኤ.አ. ሊቶሪያ ተብላ የተመረቀች ናት። ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ እኛ ላይ ዘመተ። ይሄን እያሰባችሁ ሜዳውን በመስኮት ስታዩት ነገሩ ትንሽ ለየት ይላል። ይቅር፣ ወደ እረፍታችን።

ጣቢያው ስሙ ስፔርሎንጋ ይበል እንጂ መንደሯ አጠገብ አይደለም። ያለው ጎረቤት ከተማዋ ፎንዲ በኩል ነው፤ እስከ ባሕሩ አሥር ኪሎ ሜትር ከምናምን ይቀራል። አውቶቡስ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ አይመላለስም፣ እሁድና በዓል ቀን ደግሞ ይመናመናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት አስቡ፦ መጀመሪያ የአውቶቡሱን ሰዓት እዩ፣ ከዚያ ለእሱ የሚስማማውን ባቡር ምረጡ። ይህን ያላደረገ ሰው ጣቢያው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ሌላው መንገድ ያረፋችሁበት ሰው ታክሲ ቀድሞ እንዲጠራላችሁ መጠየቅ ነው፤ ሦስት አራት ሆኖ መከፋፈል ከተቻለ ኪስ አይጎዳም። ጣቢያው ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃችሁ ታክሲ ይኖራል ብላችሁ ግን አትተማመኑ።

በመኪና የምትሄዱ ከቴራቺና ጀምሮ ፍላካ የሚባለውን የባሕር ዳር መንገድ ትይዛላችሁ። መኪና መንደሯ ውስጥ አይገባም፣ ታች ነው የሚቆመው። አስፋልቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ካያችሁ የክፍያ ቦታ ነው። ከኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ አብራችሁ መያዝ አለባችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሁለት ሌሊት መኪና ራስ ምታት ነው።

የት ማደር ይሻላል?

ላይ። አሮጌዋ መንደር ውስጥ።

ታች፣ ባሕሩ ዳር፣ ሊፍት ያላቸው ዘመናዊ ሆቴሎች አሉ፤ ፎቅ ነው፣ ጋራዥ ነው፣ ሱፐርማርኬት ነው። ምቾት አለው፣ ግን እዚያ ካደራችሁ የትም ያለ ባሕር ዳር ነው ያደራችሁት። ላይ ስታድሩ ግን ጠዋት በር ስትከፍቱ ደረጃ ነው፣ ከደረጃው ጫፍ ላይ ባሕር። የቀን ጎብኚዎቹ ማታ ሲወርዱ መንደሯ ለእናንተና ለነዋሪዎቿ ትቀራለች። ለዚህ ስትሉ ነው የመጣችሁት።

ዋጋው ጉልበት ነው። ደረጃው ብዙ ነው፣ ድንጋዩም ለዘመናት ሲረገጥ ኖሮ ልሟል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ጎማ ያለው ሻንጣ እዚህ ጥቅም የለውም፤ እሱን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሲያላብ አይታችሁ ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉ። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ ኮፍያ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለማታው አየር ቀለል ያለ ሹራብ። ሌላው ትርፍ ነው።

ከመያዛችሁ በፊት ባለቤቱን አራት ነገር ጠይቁ፦ ከመኪና መውረጃው እስከ በሩ ስንት ደረጃ ነው? ኤሲ አለው? መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው ወይስ ወደ ጎረቤት ግድግዳ? ለአደባባዩ ምን ያህል ቅርብ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አደባባዩ ላይ ማታ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ይወራል፣ ጣሊያን ደግሞ ሲያወራ በሹክሹክታ አይደለም። በብዙ የጣሊያን ከተሞች ከአልጋው ዋጋ ውጪ በየሌሊቱ የሚከፈል ትንሽ የቱሪስት ግብርም አለ፤ ሲጠየቅ አትደንግጡ፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙለት።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ካላችሁ፣ ያልኩትን ሁሉ ገልብጡትና ታች እደሩ። ፖኔንቴ የሚባለው የምዕራቡ ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ለእነሱ ይመቻል። ጉልበት የሚያማትን እናት ለእይታ ተብሎ ደረጃ ማስወጣት ግፍ ነው።

የመጀመሪያው ማታ

ምንም ዕቅድ አታውጡ። ዕቃ አስቀምጡ፣ ታጠቡ፣ ውጡ። መንገዱ ይጠፋብናል ብላችሁ አታስቡ፤ ወደ ላይ ከወጣችሁ አደባባዩ፣ ወደ ታች ከወረዳችሁ ባሕሩ ነው። መተላለፊያዎቹ እጅ ቢዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ የሚያስነኩ ናቸው። በድንገት ይታጠፋሉ፣ ቅስት ስር ይገባሉ፣ እንደገና ደረጃ ይሆናሉ።

ይህ አሠራር ለውበት ተብሎ አይደለም። ባሕሩ ጠላት የሚመጣበት ነበር። በ1534 እ.ኤ.አ. ባርባሮሳ የሚባለው የቱርኮች የባሕር ኃይል አዛዥ መጥቶ መንደሯን አጠፋት፤ እኛ ጋ አፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ ሸሽተው በየአምባው በሚንከራተቱበት ዘመን መሆኑ ነው። እንደሚተረከው ባርባሮሳ የፈለገው የፎንዲዋን እመቤት ጁሊያ ጎንዛጋን ነበር። በውበቷ ዝነኛ ስለነበረች ማርኮ ለሱልጣን ሱሌይማን ሊያቀርባት አስቦ ነው ይባላል። እሷ በሌሊት አመለጠች፣ ሕዝቡ ግን ተቀጣ። እንግዲህ ጠባቡ መንገድ ጥርቅም አድርጎ ለመከላከል፣ የማያውቀውን ሰው ለማምታታት ነው። ከታች ባሕሩ ላይ ተንጠልጥሎ የምታዩት ትሩሊያ የሚባለው ማማም ያንኑ ጠላት ለመጠበቅ የቆመ ነው፤ በ1532 ተሠራ፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በዚያው ዘመቻ ፈረሰ፣ ኋላ እንደገና ተሠራ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ምዕራብ ከሚያየው በኩል ቁሙ። ሩቅ ላይ ባሕሩ ውስጥ የገባ ተራራ ይታያል፣ ሞንቴ ቺርቼዮ ነው። ፀሐይዋ በዚያ በኩል ስትወርድ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ያወጣል። እናንተም አውጡ፣ ምን ችግር አለው።

ባሕሩ

ሁለት የአሸዋ ዳርቻ አለ። ፖኔንቴ ረጅሙ ነው። ሌቫንቴ በምሥራቅ በኩል አነስ ያለው ነው፤ በአንድ ጫፉ ትሩሊያ፣ በሌላው ጫፉ ኋላ የማወራላችሁ የጢባርዮስ ቄሣር ዋሻ አለ፣ ቀና ስትሉ ደግሞ ነጯ መንደር። ለመዋኘት እኔ ሌቫንቴን እመርጣለሁ፣ በእግር ብዙ ለመሄድ ፖኔንቴን።

ዳርቻው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሊዶ የሚባለው ክፍያ ያለበት ነው፦ ጃንጥላ፣ የሚታጠፍ አልጋ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ባር። ከባሕሩ አጠገብ ያለው የፊት ረድፍ ይወደዳል፣ የኋላው ይረክሳል። ሌላው ነፃ ነው፣ ስፒያጃ ሊቤራ ይሉታል፤ ፎጣህን አንጥፈህ ቁጭ ነው። የውኃው ጠርዝ ላይ ግን ማንም ሰው በነፃ ማለፍ ይችላል፣ ሊዶ ፊት ለፊት ቢሆንም። የሚከለክል ሰው ቢመጣ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። እረፍት ነው ካላችሁ አንዱን ቀን ለሊዶ ክፈሉ፤ ጥላ ያለው አልጋ ላይ ተኝቶ መዋል ገንዘቡ አይቆጭም። ሁለተኛውን ቀን በነፃው ዋሉ።

አሸዋው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ዋና የማይችል ሰውም እስከ ወገቡ ገብቶ መቆም ይችላል፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ አብዛኞቻችን ከዚያ አናልፍም። ባንዲራውን ግን እዩ። ነጭ ከሆነ ሰላም ነው፣ ቀይ ከሆነ መግባት አደገኛ ነው። ጣሊያኖቹ ምሳ በልተው ቶሎ ባሕር መግባትን እንደ ኃጢአት ያዩታል፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ለሰዓታት ይዘው ሲጠብቁ ታያላችሁ። እናንተ የራሳችሁን አድርጉ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ለሚደርስባችሁ ግልምጫ ተዘጋጁ።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ውረዱ፤ ውኃው ያን ጊዜ ፀጥ ያለ ነው፣ ሰውም የለም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ፀሐዩ ጥቁር ቆዳ አይነካም የሚሉትን አትስሙ፣ ያቃጥላል፤ ቅባቱን ተቀቡ። ከምሳ በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ መንደሯ ትተኛለች፤ እናንተም ተኙ። እዚህ ላይ ነው እረፍቱ ያለው። ከሰዓት በኋላ ምን እናድርግ እያለ የሚቅበጠበጥ ጓደኛ ካለ እሱን ወደ ናፖሊ ላኩት።

ስለ ሰዉም አንድ ነገር ልበል። መንደሯ ትንሽ ናት፣ አፍሪካዊ ፊት ዞር ብለው ሊያዩ ይችላሉ። ባሕር ዳሩ ላይ ከሚያዩት ጥቁር ሰው ብዙው መነጽርና ፎጣ እያዞረ የሚሸጥ ልጅ ስለሆነ አንዳንዱ ሰው በዚያው ዓይን ይጀምራችኋል። ያበሽቃል፣ አይዋሽም። ግን ሱቅም ሆነ ባር ስትገቡ ቀድማችሁ «ቦንጆርኖ» በሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ «ቦናሴራ»። ሰላምታ ሳይሰጡ ዕቃ መጠየቅ እዚያም እንደኛው ነውር ነው። ሰላም ላለ ሰው ብዙዎቹ ፊታቸው ወዲያው ይፈታል።

ዋሻው

ከባሕሩና ከእንቅልፉ ሌላ አንድ ነገር ብቻ እዩ ብባል ይሄን ነው የምለው። ወንጌል ላይ ዮሐንስ መጥምቅ መስበክ የጀመረበት ዘመን ሲነገር ስሙ የሚነሳውን ጢባርዮስ ቄሣርን አስታውሱት። ጌታ የተሰቀለውም በእሱ ዘመን ነው። ያ ንጉሥ እዚህ ባሕር ዳር ቪላ ነበረው፣ ተፈጥሯዊውን ዋሻ ደግሞ የግብር አዳራሽ አድርጎት ነበር። ፊት ለፊቱ ባሕሩን ገድበው የሠሩት የዓሣ ገንዳ አለ፤ መሃሉ ላይ እንደ ደሴት ያለ ቦታ ሠርተው እንግዶቹ እዚያ ተጋድመው ይበሉ ነበር። ጎንበስ ብላችሁ የገንዳውን ግድግዳ ብታዩ በግንቡ ውስጥ የተቀበሩ የእንስራ አፎች ታገኛላችሁ፤ ዓሦቹ እንዲጠለሉባቸው ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ዓሣ ይዋኝበታል።

በ26 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ማዕድ ላይ ሳለ ከዋሻው አፍ ድንጋይ ተናደ። አገልጋዮች ሞቱ፣ እንግዶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ሴጃኑስ የሚባለው የዘበኞቹ አለቃ ግን ንጉሡ ላይ ጎብጦ በገዛ አካሉ ጋረደው። ከዚያ ወዲያ ሴጃኑስ ያለው ሁሉ የሚታመን ሆነ። መጨረሻው ግን አላማረም፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ያው ያዳነው ንጉሥ አስገደለው።

በ1957 እ.ኤ.አ. የፍላካ መንገድ ሲሠራ ዋሻው ተቆፈረና በሺህ የሚቆጠር የዕብነ በረድ ስብርባሪ ወጣ። መንግሥት ወደ ሮም ሊወስደው ሲል የስፔርሎንጋ ሰው መንገድ ዘግቶ «ከዚህ አይወጣም» አለ። አሸነፉም። ሙዚየሙ እዚያው ተሠርቶ በ1963 ተከፈተ። ቅርስን በጉልበት ከቦታው ማንሳት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ታሪክ ደስ ይላል።

ውስጡ ካሉት ሐውልቶች ዋናዎቹ በግሪኮች ተረት የሚነገረውን የጀግናውን የኦዲሴዎስን ጀብዱ የሚያሳዩ ናቸው። ትልቁ፣ አንድ ዓይናውን ግዙፍ ፖሊፌሞስን ሰክሮ በተኛበት በተሳለ እንጨት ሲያሳውሩት ነው፤ ሙሉው በቅጂ ተገጣጥሞ ቆሟል፣ ዋናዎቹ ስብርባሪዎችም እዚያው አሉ። ጊዜ ወስዳችሁ እዩት የምለው ግን ስኪላ የሚባለውን ነው። የባሕሯ ጭራቅ የመርከቡን መሪ ጭንቅላቱን ጨብጣ ይዛዋለች። ተጠግታችሁ እጇን ብቻ እዩ፦ ከሰውየው ራስ የሚበልጥ እጅ፣ ጣቶቹ ጸጉሩ ውስጥ የሰመጡ፣ ጸጉሩም በጣቶቹ መሃል ተጨምቆ የወጣ። ድንጋይ መሆኑን ትረሳላችሁ። በመርከቧ ላይ የሦስት የሮድስ ሰዎች ስም ተቀርጿል፦ አታኖዶሮስ፣ ሃጌሳንድሮስ፣ ፖሊዶሮስ። ቫቲካን ሙዚየም ሄዳችሁ እባብ የተጠመጠመበትን ላኦኮን ካያችሁ፣ የእሱም ሠሪዎች ተብለው የተመዘገቡት እነዚሁ ስሞች ናቸው።

ሙዚየሙ ከመንደሯ በእግር ይደረሳል፣ በፍላካ መንገድ ላይ ነው። ከዳርቻው ጫፍ ዋሻው ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ መግቢያው ግን በሙዚየሙ በኩል ነው። ከዚያ ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ፀሐይ ስለሚበዛበት ጠዋት እንደተከፈተ ወይም ወደ አመሻሹ ሂዱ። አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

ምን ይበላል?

ቁርስ ባር ላይ ቆማችሁ ቡናና ኮርኔቶ (የጣሊያኖቹ ክሩዋሳን)። ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል፣ አደባባዩ ላይ በተለይ። ማኪያቶ ስትሉ የምትመጣላችሁ የእኛዋ እንዳልሆነች እወቁ፤ በትንሿ ስኒ ወተት ጠብ ያለባት ናት። ወተት በዛ ያለውን ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ።

አካባቢው ጎሽ የሚረባበት ነው፣ ስለዚህ ሞዛሬላ ዲ ቡፋላ እዚህ ብሉ። በዕለቱ የተሠራውን ግዙ፣ ፍሪጅ ሳታስገቡ በዕለቱ ጨርሱት። ሲቆረጥ ወተት የሚያነባው እሱ ነው ትክክለኛው። ሌላው የአገሩ ነገር ነጭ ሰለሪ ነው፤ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ፣ በስፔርሎንጋና በፎንዲ የሚበቅል። እኛ ጋ ሰለሪ ለሾርባ ማሽተቻ ነው፣ እነሱ ጥሬውን በዘይት ይበሉታል፤ ለስላሳ ነው፣ አይመርም። ከጎረቤት ከጋኤታ የሚመጣ ቲየላ የሚባል ነገርም ፈልጉ፦ በሁለት ሊጥ መሃል ብዙ ጊዜ ኦክቶፐስ ወይም አትክልት የተሞላ ነው፣ ለባሕር ዳር ምሳ በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል።

ለጾመኞች፦ ከምትቆዩባቸው ቀናት አንዱ ረቡዕ ወይም አርብ ሊሆን ይችላል። ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ፓስታ ላይ ተጠንቀቁ፦ ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም፣ በእጅ የተሠራው ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ አለው። «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላችሁ አይብ አይነሰነስበትም። የባቄላና የሽምብራ ፓስታም አላቸው፤ አንዳንዱ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለጣፋጭ የሎሚ ሶርቤቶ ከጄላቶው ይሻላል፣ ወተት የለውም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አይጀመርም፣ በሩን አትቆርቁሩ። ሒሳቡ ላይ ለዳቦ በሰው የሚቆጠር ገንዘብ ብታዩ አትደንግጡ፤ ኮፔርቶ የሚባለው የጠረጴዛ ክፍያ ግን ስፔርሎንጋ ባለችበት በላትሲዮ ክልል በሕግ የተከለከለ ነው። ትኩስ ዓሣ ስታዙ ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ በመቶ ግራም ነው የሚጻፈው፤ «ይሄ ዓሣ ስንት ይመዝናል?» ሳትሉ እሺ አትበሉ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳልጠይቅ እሺ ብዬ በዓሣ ዋጋ በግ በልቻለሁ ማለት እችላለሁ።

ተጨማሪ ቀን ካለ

ብቻ ካለ ነው። ጋኤታ በአውቶቡስ ቅርብ ናት። እዚያ ሞንታኛ ስፓካታ የሚባል እስከ ባሕር ድረስ ለሁለት የተሰነጠቀ ተራራ አለ፤ ጌታ ሲሰቀል «ዓለቶችም ተሰነጠቁ» በተባለው ጊዜ የተሰነጠቀ ነው ብለው ያምናሉ፣ ገዳምም አለው። ስንጥቁ መሃል በደረጃ ስትወርዱ ግድግዳው በሁለቱም ወገን ይጫናችኋል። ለመሳለምም ለማየትም ጥሩ ነው። ናፖሊን፣ ፖምፔን፣ ካፕሪን ግን በዚህ ጉዞ ላይ አትደርቡ።

መመለሻ

እሁድ ማታ አትመለሱ። በሞቃቱ ወራት የሮም ሕዝብ ሁሉ በዚያው ሰዓት ስለሚመለስ ባቡሩ ጢም ይላል፣ የፍላካ መንገድም መኪና በመኪና ይሆናል፣ የመንደሯ አውቶቡስም እሁድ እንደሚመናመን ታውቃላችሁ። ወይ ሰኞ ጠዋት ውጡ፣ ወይ እሁድ ገና በጠዋቱ። አውሮፕላን ያለበት ሰው ደግሞ በመጨረሻው ሌሊት እዚያ አይደር፤ ሮም ገብቶ ይደር። ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፣ ሦስት ቀን ፓስታ ከበላችሁ በኋላ እንጀራው ይናፍቃችኋል። የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት ደግሞ ስትደርሱ በመጀመሪያው ቀን ጠይቃችሁ ማቆሚያው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንሱት፤ የሞቃቱና የብርዱ ወራት ሰሌዳ ስለሚለያይ ኢንተርኔት ላይ ካገኛችሁት ይልቅ እሱን እመኑ።